እትዬ ጥሩን ያዋረድኩ ሰሞን

ማክሰኞ፣ ኅዳር 8/1996፣ ጠዋት 3፡00

አሥራ አንድ ሰው። ሁሉም እፊቴ ዋጡ፤ ሁሉም አፋቸውን ከፍተው አሳዩ። የሳንባ ነቀርሳ ኪኒን እንዲህ ነው የሚሰጠው፤ ነርሱ ቆሞ ካላየ እንደተዋጠ አይቆጠርም። ሁለት ዓመት በዚህ ክፍል፣ አንድም ያቋረጠብኝ የለም። እስቲ ደብተሬ፣ አንተ ፊት ልኩራ።

እትዬ ጥሩ ብቻ አናደደችኝ። ከጤ/ጣቢያው በር ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ አረቄ አውጥታ የምትሸጠው። መድኃኒት ከጀመረች አምስተኛ ሳምንቷ። እህል አስጠልቷታል፣ ሽንቷም ጠቁሯል። ሽንት የሚያቀላው ኪኒኑ ነው፣ በመጀመሪያው ቀን ነግሬሻለሁ አልኳት። ቀይስ አይደለም፣ ጠላ ነው የሚመስል አለች። ትዕግሥቴ አለቀ። ያወጣሽውን እየቀመስሽ ነው አንቺ ሴትዮ፣ አልኩ ጮክ ብዬ። በእናቴ ዕድሜ ያለችን ሴት «አንቺ»፣ ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ። አንዳንዱ ሳቀ። በማርያም ምላ ቀምሼ አላውቅም አለች። ካርዷ ላይ «ትጠጣለች» ብዬ ጻፍኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 12

ሰው ሚካኤልን ሲያነግሥ እኛ ግምገማ። ግማሽ ቀን። የወረዳው ሰው ክፍሌን አመሰገነ፤ ያቋረጠ በሽተኛ የለም። ግለ ሂስ ተራዬ ሲደርስ ያው የተለመደውን፣ ሪፖርት የማዘግየት ችግር ይታይብኛል ብዬ ተቀመጥኩ። ከዚያ ምሳ ወጣን።

እትዬ ጥሩ ከማክሰኞ ወዲህ አትናገርም። ትውጣለች፣ አፏን ትከፍታለች፣ ትሄዳለች። ዝም አሰኘኋት ብዬ ደስ ብሎኛል፤ ለአንተ ምን እደብቃለሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 18፣ 6 ሰዓት

ከዛሬ ጀምሮ እትዬ ጥሩን «እሷ» ብዬ አልጽፍም።

ነጠላቸውን እስከ ቅንድባቸው ስበው መጡ። ሲውጡ ቀና አሉ፣ ነጠላው ሸርተት አለ። ፀሐዩ በበሩ ገብቶ ነበር። ዓይናቸው ቢጫ! እርድ ውስጥ የተነከረ ይመስላል። ሀገሬው የወፍ በሽታ የሚለው። ጉበት ነው። ከመቼ ጀምሮ ብላቸው ነጠላቸውን መልሰው ሳቡ። የተናገረችው ልጃቸው አበባ ናት፤ ባለትዳር ናት፣ ደግፋ ያመጣቻቸው እሷ ናት። ከሳምንት በላይ ሆነ፣ ያስመልሳቸዋል። ለዚያ ነርስ እንዳትናገሪ ብለው አስምለዋታል። ቢነግሩኝ ጠጥተው ነው እላለሁ ብለው ፈርተው።

ጉበታቸው እየተጎዳ በየጠዋቱ መጥተው ዋጡልኝ። እኔ በየጠዋቱ አፋቸውን አየሁ፣ ዓይናቸውን አላየሁም። መድኃኒቱን አስቁሜአለሁ። አይሱዙ ጋቢና ለምኜ አብሬ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ልወስዳቸው ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 20፣ ፍ/ሰላም

አስተኝተዋቸዋል። ተረኛው ዶ/ር ካርዱን አነበበና ስንት ዓመት ጠጥተዋል ብሎ ጠየቀኝ። አበባ አጠገቤ ናት። እናቷ ማኅበር ላይ እንኳ ውሃ አስቀድተው እንደሚጠጡ ነገረችው። እኔ ወለሉን አየሁ።

ደግ ሰው ነው፣ ሳይቆጣ አስረዳኝ። ኪኒኑን ለውጦ፣ ሰባብሮ ከሰውነት እንዲወጣ የሚያደርገው ጉበት ነው። የአንዱ ጉበት ይፈጥናል፤ የሌላው ሲፈጥረው ዝግ ያለ ነው። ዝግ ባለው ላይ መድኃኒቱ ይከማቻል፣ ከእሱ የሚወጣውም መርዝ ጉበቱን ያቆስላል። አረቄ ያባብሰዋል እንጂ ያለ አረቄም ይመጣል። ዕድሜ አለ፣ ክሳት አለ። እህል ሲያስጠላ፣ ሽንት ሲጠቁር ወዲያው ማቆም ነው አለኝ።

ሁለቱንም ነግረውኝ ነበር። ይህን ሁሉ ደግሞ ተምሬዋለሁ፤ ፈተና ላይ ጽፌ አልፌበታለሁ። አረቄ ሻጭ ስትነግረኝ ጠፋኝ። እንዲህ ያፈርኩበት ቀን የለም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 8

ዓይናቸው ጠርቷል። ከሆስፒታል ወጥተዋል። ተመስገን። አሁን ኪኒኖቹ አንድ በአንድ፣ ጉበቱ እየታየ እንደገና መጀመር አለባቸው። ካልተጀመረ ነቀርሳው ይገድላቸዋል። ሰኞ ነበር ቀጠሯቸው። አልመጡም። ማክሰኞም። ትናንትም።

አበባን አስጠራሁ። አረቄ ማውጣቱን ትተዋል አለችኝ፣ ጋኑን ደፍተውታል። በመንገዱ የሚያልፈው ሁሉ ስትጠጪ ነርሱ ያዘሽ አሉ እያለ ይስቅባቸዋል። እዚያ በር ላይ ሁለተኛ አልቆምም፣ ብሞትም እቤቴ ልሙት ብለዋል። ሳሉስ አልኳት። ተመልሷል።

ካርዱን አውጥቼ «ትጠጣለች»ን ሰረዝኩ። ማን ሊያየው! አበባን፣ ይቅርታ ብሏል በይልኝ ልላት አፌን ስከፍት ዘበኛችን አያ ደሴ ተቆጡኝ። «የሰደብካት በሰው ፊት ነው። ምነው ይቅርታውን በጓሮ ትልካለህ?» አሉኝ። ፊቴ ጋለ። ሽማግሌ ፈልጉልኝ አልኳቸው።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 9፣ ጠዋት 2፡15

አያ ደሴ ሁለት ሽማግሌ አግኝተውልኛል። ደንቡ የታወቀ ነው፦ ያጠፋ ሰው ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ይገባል፣ ተነሥ እስኪባል አጎንብሶ ይቆያል። እኔ! ባለ ዲፕሎማው፣ ባለ ነጭ ጋውኑ። ግለ ሂስ እንዴት ቀላል ነበር፤ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ ምሳ።

ሽማግሌዎቹ አዝነውልኝ፣ ሰው ሳይበዛ አሁኑኑ ተሻግረን እንጨርሰው ብለው ነበር። እሺ ልል ምንም አልቀረኝም። በኋላ አይሆንም አልኩ፤ ሰልፈኛው ይምጣ። ሲስቁ የነበሩትም ይኑሩ። አሁን መጥተዋል፣ ድምፃቸው ይሰማኛል። ጋውኔን ላውልቅ ብዬ ነበር፣ ተውኩት፤ የሰደብኳቸው ለብሼው ነው።

ከበሩ ተነሥቼ፣ ሁሉም እያየ፣ መንገዱን ወደ ቤታቸው እሻገራለሁ። የመጀመሪያዋን ኪኒን ኪሴ ውስጥ ይዣለሁ። ተነሥ ካሉኝ እሰጣቸዋለሁ። ካላሉኝ ነገም ድንጋዬን ተሸክሜ እሄዳለሁ።