የትርሲት ትከሻና የብር መስቀሏ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። ጠዋት 1፡30

ዛሬም ስለጥፍ። ሽምብራ የሚያህሉ የሚያብረቀርቁ ኳሶች። ትከሻ፣ ክርን፣ አንጓ፣ ዳሌ ላይ። ትርሲትን ብርዱ ያንቀጠቅጣታል፤ ፕላስተሩም አልይዝ አለ። ከእንጦጦ የሚወርደው ንፋስ የሚያድረው እኛ የስፖርት ላብራቶሪ ውስጥ ነው መሰለኝ። ደክሞኛል፣ ማስታወሻዬ። ገና በጠዋቱ።

ከሰዓት። ወረወረች። በሶፍትቦል፣ ኳስ በዱላ በሚመታበት ጨዋታ፣ ወርዋሪያችን እሷ ናት። ክንዷን ሙሉ ዙር አዙራ ከታች ትለቃለች፤ መቺዋ ዱላዋን ሳታነቃንቅ ኳሷ አልፋለች። ዐይን አይደርስባትም፣ ፈጣን ካሜራዎቹ ግን ይደርሱባታል። የለጠፍኳቸውን ኳሶች ብርሃን እየለቀሙ ኮምፒውተር ላይ የነጥብ ሰው ይሠራሉ። የዛሬዋ የነጥብ ሰው ግን ጉድ ናት። ልትለቅ ስትል ቀኝ ትከሻዋ ዘጭ ይላል። ደረቷ ላይ ደግሞ እኔ ያልለጠፍኩት ነጥብ ይዘላል። እሑድ ለከተማው ቡድን መምረጫ ጨዋታ አለ። አሁን ይሄን ምን ልበለው?

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። ማታ

አገኘሁት! መስቀሏ ነው። ማተቧ ላይ ያለው የብር መስቀል ብርሃን ይመልሳል፤ ኮምፒውተሩ ከትከሻዋ ነጥብ ጋር እያምታታው ነው። ብቻዬን ሳቅሁ። ለአሰልጣኙ ለጋሽ ደምሴ ወዲያው ደወልኩ። ልጅቷ ደህና ናት፣ ጥፋቱ የመስቀሉ ነው አልኳቸው። እፎይ አሉ። እኔም።

አውልቂው ብላት ግን ወይ ፍንክች! ማተብ ለካሜራ ተብሎ አይወልቅም አለችኝ። እውነቷን ነው፣ የኔም አንገቴ ላይ ነው። መላውን ያመጣችው ራሷ ናት። አባቷ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ናቸው፤ ከሳቸው ጥቁር ቁራጭ ጨርቅ፣ ብርሃን እንዳይመልስ፣ ለመስቀሉ ልብስ ትሰፋለታለች።

ሐሙስ

መብራት የለም። ሥራ የለም። ተኛሁ፣ እንቅልፍም የለም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12። ከሰዓት

ኅዳር ሲታጠን። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን እያቃጠለ ጉለሌ በጭስ ታፍናለች፤ መስኮት ዘጋን። ትርሲት ከሚካኤል መልስ ነጠላዋን እንዳጣፋች መጣች። መስቀሉ ጥቁር ለብሷል። ለጠፍኩላት፣ ወረወረች። ትርፉ ነጥብ ጠፋ። ትከሻዋ ግን ዘጭ። ድገሚው አልኳት። ዘጭ። መስቀሉ ንጹሕ ነው።

ያምሻል ወይ ብላት፣ ኧረ በፍጹም። ቀጥሎ ጸጉሯን ስታስር አየኋት፤ ላስቲኩን በጥርሷ ይዛ፣ በግራ እጇ ብቻ። ቀኟን ወደ ማጅራቷ መውሰድ አቃታት። እንዳየሁባት ስታውቅ አለቀሰች። ከመስከረም ጀምሮ በቀኝ ጎኗ አትተኛም። ስትወረውር ጥርሷን ነክሳ ነው። ቲቸር፣ አትናገሪብኝ ትለኛለች። ኳስ ለሴት ልጅ ምን ያደርግላታል ሲሉ የኖሩት አባቷ እሑድ ሊያዩዋት ይመጣሉ።

ተናደድኩ፣ በራሴ። ካሜራው እኮ ማክሰኞ ነግሮኝ ነበር። ደህና እንድትሆን ስለፈለግሁ ጥፋቱን መስቀሉ ላይ ለጠፍኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13። ማታ 12፡00

ለጋሽ ደምሴ ነገርኳቸው። «ረቡዕ ደህና ናት ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። ነገን ብቻ ትወርውር፣ ከዚያ ትረፍ ይላሉ። የምፈራው እኮ ነገን ነው! ተከራከርን። በመጨረሻ ደከማቸው መሰለኝ፤ እንግዲያው ለአባቷ ራስሽ ንገሪ፣ እሳቸው ካልፈቀዱ አላሰልፋትም አሉኝ።

ትርሲት ደጋግማ ደወለች። ማንሳት አቃተኝ።

ነገ ከቅዳሴ መልስ፣ ጨዋታው ሳይጀመር፣ ሽሮ ሜዳ እሄዳለሁ። ያቺን የነጥብ ሰው ለአባቷ አሳያለሁ። ልጄን አያለሁ ብለው ጓጉተው ለሚጠብቁ ሰው እንዲህ ያለ ወሬ ይዞ መሄድ! ትርሲት ዐይንሽን ላፈር ትለኛለች። ትበለኝ። ብቻ ጸጉሯን በሁለት እጇ ትሰር።