በወፍራም መዳብ ስለተጠገነልን ፊውዝ

ላክ ሰፈር፣ ዴን ሃግ ከተማ፣ ኅዳር ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

ለተከበሩ የቤቶቻችን ድርጅት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና የቤትዎ ግድግዳ እንደምን ሰንብታችኋል? እኛ ግድግዳችን ከመጋሉ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን። ፊደል የቆጠርሁት ካረጀሁ በኋላ ነውና ለአጻጻፌ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ደብዳቤውን በማኅበራችን መጽሔት ያወጣሁት በርዎን ብናንኳኳ ስላልተከፈተልን ነው።

፩ኛ. እዚህ ስቶፕ የሚሉት ፊውዝ እየተቃጠለ በጨለማ ስንቀመጥ ሠራተኛ ስለላኩልን አመሰግናለሁ። እጅግ ፈጣን ሰው ነበሩ፤ ያረጀውን የግድግዳ ሽቦ ሳይነኩ፣ በተቃጠለችው ስስ ሽቦ ምትክ እንደ ሹራብ መሥሪያ የወፈረ መዳብ አስረው፣ ከእንግዲህ አይቃጠልም አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ፊውዙ አልተቃጠለም፤ የሚግለው ግድግዳው ነው።

፪ኛ. ዴልፍት ከተማ ምሕንድስና የሚማረው የሀገሬ ልጅ ይሁኔ እንዳስረዳኝ፣ ቆርቆሮና እርሳስ ለፊውዝ የሚመረጡት በትንሽ ሙቀት ስለሚቀልጡ ነው፤ ብርም ዝገት ቶሎ ስለማይደፍረው ይመረጣል፤ መዳብ ራሱ እንደ ፀጉር ከቀጠነ ያገለግላል። ፊውዝ ማለት ቤቱ እንዳይነድ ቀድሞ የሚሞት ነገር ነው። እርስዎ የማይሞት ስለሰጡን ተራው ለእኛ ደርሷል። እህቴ ብዙወርቅ ወገቧ ከተያዘ ወዲህ ከአልጋ አትወርድም፤ ክፍሉ ጠባብ ነውና አልጋዋ ከዚያው ግድግዳ ጋር ተጣብቋል።

፫ኛ. ይሁኔ ስለ እኛ በስልክ አቤት ቢል፣ ጸሐፊዎ ሠራተኛውን ምሳ ጋብዤ፣ መርቄም ስለሸኘሁ ቅሬታ ሊኖረኝ እንደማይችል መለሱለት። በእኛ ዘንድ ቤት የገባ ሰው ሥራው ቢከፋም ሳይበላና ሳይመረቅ አይወጣም። ምርቃቴ ለመዳቡ ምስክር ሆኖ እንደሚቆጠር ባውቅ ኖሮ አፌን እሰበስብ ነበር።

ይሁኔ ሽቦውን ልቀይር ቢል የፊውዙ ሳጥን ቁልፍ በእርስዎ እጅ ነው። መብራቱን አጥፍተን እንዳንቀመጥ ማሞቂያችን በኤሌክትሪክ ነው፤ በኅዳር ብርድ እህቴን ከውርጭና ከእሳት ምረጪ ልላት አልቻልሁም። ስለዚህ ሙቀቱ ሲብስ እንዳውቅ እጄን ግድግዳው ላይ አድርጌ እቀመጣለሁ። ሌላ የማውቀው መላ የለም።

ቁልፉን አጥብቀው በመያዝዎ ያለኝን ከፍ ያለ አድናቆት እየገለጽሁ፣ ከጫማዎ ሥር ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ ተከራይዎ፣

ወለተጊዮርጊስ አድማሴ

ማሳሰቢያ፦ ደረጃው ላይ በአገሩ ቋንቋ ያስለጠፉትን ማስታወቂያ ይሁኔ አነበበልኝ። እሳት ቢነሳ ተረጋግታችሁ በእግራችሁ ውረዱ ይላል። እህቴን አረጋግቻታለሁ፤ እግሩን እርስዎ ይላኩልን።