ለቅሶ መድረስ ያቃታቸው ወይዘሮ አልታየች

ወይዘሮ አልታየች ከአባታቸው ከአቶ ገብረ ሕይወት ብርሃነ መስቀልና ከእናታቸው ከወይዘሮ አመተ ማርያም ኃይለ ገብርኤል በሰሜን ሸዋ መዘዞ በ1958 ዓ.ም. ተወለዱ። እስከ ስድስተኛ ክፍል እዚያው ተምረው፣ በ1977 ዓ.ም. ከአቶ ታደለ ኪዳነወልድ ጋር በተክሊል ተጋብተው ደብረ ብርሃን ገቡ። ይትባረክንና ሊያንም ወለዱ።

መተዳደሪያቸው የበግ ንግድ ነበር። ከመዘዞ እየገዙ ደብረ ብርሃን ያመጡ ነበር፤ ገበያተኛውን ሳያስቁ አይሸጡም። ለቅሶ ሲሆን ደግሞ የሚቀድማቸው አልነበረም። ድንኳን ሳይተከል ይደርሳሉ፣ ሐዘንተኛውን ይደግፋሉ፣ ንፍሮ ይቀቅላሉ፤ ሠልስት ሳይወጣ ቤታቸው አይገቡም ነበር።

በጥር 2006 ዓ.ም. በግ ጭነው የተሳፈሩበት መኪና መንገድ ላይ ተገልብጦ ጭንቅላታቸውን ክፉኛ ተጎዱ። አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ተረፉ። ጠባሳውን ፀጉር ሲሸፍነው እኛ ቤተሰቦቻቸውም ዳኑ ብለን እልል አልን። ጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን እግዜር አተረፈሽ» እያለ ጠየቃቸው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ለመጻፍ እጅ ይዝላል። ዓመት ሳይሞላ ሳቃቸው ጠፋ። መኝታ እንጂ እንቅልፍ አልነበራቸውም። ያዩአቸው ሐኪም ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ የሚመጣ የድባቴ ሕመም መሆኑን፣ ቀለል ብሎ ሊመለስ እንደሚችልም ነገሩን። መድኃኒቱንም ጠበሉንም ሞከርን። በ2011 ዓ.ም. ተመስገን፣ ተነሥተው ገበያ ወጡ፣ ተጫወቱም። ፋሲካ ሳይደርስ ተመልሶ ጣላቸው። እንዲህ ሲሻላቸውና ሲብስባቸው ዓመታት ሄዱ፤ እርሳቸውም ደከሙ፣ አስታማሚውም ደከመ።

ሰፈሩ ግን የዳነውን ቁስል እንጂ ሕመሙን አላየም። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ እየታዩ ለቅሶ ስለቀሩ፣ «አልታየች ኮራች» ተባለ። አቶ ታደለ ብቻቸውን እየደረሱ «አሟታል» ቢሉ ማን ይመናቸው! እኔ ታናሽ እህታቸው ምሥራቅ ሳስታምም ያየሁትን ልናገር። ጡሩምባ በተነፋ ቁጥር ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይለብሱና እስከ በር ይሄዱ ነበር። እግራቸው እንቢ ይላቸዋል። ተመልሰው ጓዳ ይቀመጡና የሟቹን ስም እየጠሩ ያለቅሳሉ። ኩራት አልነበረም፣ ወገኖቼ፤ በሽታ ነው።

ስለዚህ «ባደረባቸው አጭር ሕመም» ብለሽ ጻፊ ስባል እንቢ አልኩ። ምኑ ነው አጭሩ? ወይዘሮ አልታየች ዐሥራ አንድ ዓመት ታመው፣ በመጨረሻም የሳንባ ምች ታክሎባቸው፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና እኔን እህታቸውን ትተው ሄደዋል።

ትናንት የእርሳቸው ጡሩምባ ሲነፋ ሊያ «ማን ይመጣልናል?» ብላ በር ላይ ቆማ ቀረች። መጣችሁ። ግቢው እስኪጠብ መጣችሁ፤ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል። የደከመች ነፍሳቸውንም እርሱ ያሳርፍልን። ይቅር በሏቸው ብዬ አልለምንም፤ አልበደሏችሁም። ነፍስ ይማር በሉልኝ።