ከመስመሩ በታች የዋለው ቤት

ይድረስ ለእማዬ፣

እንዴት ነሽ እማዬ? ጉልበትሽስ፣ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያምሻል? የአባዬስ ሳል ተወው? እኔ በጣም ደህና ነኝ ልልሽ ነበር፤ ግን ሚጣ ስታነብልሽም ቢሆን ድምፄን ታውቂብኛለሽ። ከወባውም ከእባቡም ተርፌያለሁ። ልቤ ነው ያልተመቸው።

ዝናቡ ቀን ከሌት ነው። ልብስ ገላችን ላይ እንዳለ ይሻግታል። አልቅት የሚባለው ጉድ እንደ አጎቴ ሳይጠሩት ይመጣል፣ ሳይጠግብ አይሄድም። (ሚጣ፣ አጎቴ ካለ ይቺን ዝለያት!)

ሥራውን ግን ወድጄው ነበር። ዩኒቨርሲቲ በወረቀት ያወቅሁትን መሬት እዚህ በእግሬ እየተማርኩት ነው፤ በኮምፓስ ጫካ ማቋረጥ፣ የወንዝ ፍጥነት መለካት፣ በባለሦስት እግር መነጽር ከፍታ ማንበብ። አሠልጣኛችንን ውሃ ልክ ነው የምንላቸው፤ ጠማማ ነገር ካዩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

ባለፈው ሳምንት፣ ወንዙ ሲሞላ የሚደርስበትን መስመር ብቻሽን አውጪ አሉኝ። ከመስመሩ በታች የዋለ ቤት ይፈርሳል፤ ባለቤቱም ከፍ ወዳለ ቦታ ይነሳል። አንዱ በመነጽሩ ሲያይ ሌላው ባለቁጥሩን ዘንግ ማቆም አለበት። ጓደኛዬ ታማ ስለነበር ዘንጉን የያዙልኝ ያሳደሩን እማማ ናቸው። ፎቶ ከሆነ ሻሼን ላስተካክል እንጂ እያሉ ሲያስቁኝ ዋሉ። ለምን እንደምለካ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። መጨረሻ ላይ በገዛ ደጃፋቸው ዘንጉን ቀጥ አድርገው ቆሙልኝ።

ሳሰላው ቤታቸው ከመስመሩ በታች ዋለ። ያውም በአንድ ክንድ!

እማዬ፣ ስሕተት ስፈራ የኖርኩት ልጅሽ ያን ቀን መሳሳት አማረኝ። በዝናብ ሄጄ ዘንጉን ከበራቸው ቋሚ ጋር አስሬ እንደገና ለካሁ። ያው ነው። አንድ ክንድ እኮ ናት ብዬ ውሃ ልክን ለመንኳቸው። ወረቀቱን ደጋግመው አይተው፣ ጥሩ ሠርተሻል ልጄ፣ ወንዝ ግን ይሉኝታ የለውም አሉኝ። ሲያመሰግኑኝ የመጀመሪያቸው ነው፤ አለቀስኩ።

ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ብዬ ራሴ ለእማማ ልነግራቸው ሄድኩ። ግድግዳ እየመረጉ ነበር። እጃቸውን ከጭቃው ሳያወጡ፣ ምነው ያኔ ዘንጉን ትንሽ ከፍ አድርገው ይያዙ ባልሽኝ አሉ። ከዚያ ምርጊታቸውን ቀጠሉ። ይፈርሳል እኮ እማማ ብላቸው፣ እስኪፈርስ ድረስማ ቤቴ ነው፣ ይልቅ ጭቃውን አቀብይኝ አሉኝ። እስኪመሽ አቀበልኳቸው። እዚህ ደብዳቤ ላይ ያለው እድፍ የዚያ ጭቃ ነው።

ነገ ወደ ሌላ ወንዝ እንሄዳለን። ሥራውን አልተውም፤ ግን ከእንግዲህ ዘንግ ለሚይዝልኝ ሰው ለምን እንደምለካ አስቀድሜ እነግረዋለሁ።

አባዬን አንገቱን አቅፈሽ ሳሚልኝ፤ ሻርፑን አያውልቅ። አያቴን ጉልበቷን ሳሚልኝ። አጎቴንም፣ ከመጣ። ሚጣዬ፣ አንቺን ጉንጭሽን። ቤቱን ቀለም ስትቀቡ፣ የእኔና የሚጣ ቁመት የተጫረበትን መቃን አደራ አትንኩብኝ።

ልጅሽ
ከወንዙ ዳር ሰፈር፣ ሐምሌ ፳፩ ቀን