በይግባኝ አንድም ፍርድ ላልተሻረባቸው ዳኛ

ለክቡር አቶ ብዙነህ ሣህሉ፥ በአሰብ የወንጀል ችሎት ዳኛ፤

ክቡር ሆይ፥ በእኛ ላይ የበረታው ሙቀት በእርስዎ ላይ እንዳይበረታ፥ ሰውነትዎም እንደ መዝገቦችዎ ሳይነካ እንዲቆይ እየተመኘሁ ሰላምታዬን በአክብሮት አቀርባለሁ።

በሹመት ወደ አዲስ አበባ መዛወርዎን ምክንያት በማድረግ፥ የስንብት ግብዣዎ አዘጋጆች የሥራ ዘመንዎን የሚያወድስ ጽሑፍ እንዳሰናዳ ጠይቀውኛል። ሐሰት ማሳመርን ከመምህሮቼ ስላልተማርሁ የማውቀውን ብቻ እነሆ።

አንደኛ፥ በዚህ ችሎት በተቀመጡበት ዘመን ሁሉ ፍርድዎ አንድም ጊዜ በይግባኝ አልተሻረም። ይህን ክብር ያገኙት ፍርድ ባለመስጠት ነው የሚሉ ቅናተኞች አሉ፤ እኔ ግን ስሕተትን ከሥሩ ለማድረቅ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላየሁም።

ሁለተኛ፥ ጥንቃቄዎ ያስመሰግናል። የችሎቱ ማራገቢያ ሲበላሽ ስለ ሙቀቱ ቀጠሮ ሰጡ፤ ሲጠገን ደግሞ ወረቀት ይበትናል ብለው ቀጠሮ ሰጡ።

ሦስተኛ፥ የወደቡ ጭነት አውራጅ የጀላሉ ነገር ነው። አንድ ጆንያ ስኳር ሰርቋል ተብሎ ታሰረ። የስኳሩ ባለቤት ነጋዴው ሙሐመድኑር ጆንያውን በገዛ መጋዘኑ አግኝቶ፥ ችሎት ቀርቦ «ወላሂ፥ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ፤ ሰውየውን ልቀቁት» ቢል፥ ቃሉ በቀጠሮው ቀን እንዲሰማ አዘዙ። ቀኑ ሲደርስ እርስዎ በአውሮፕላን ወደ ደጋ ለዕረፍት ሄደው ነበር። ከዕረፍት ሲመለሱ የጀላሉ ሚስት አሊማ በችሎቱ ደጃፍ «ጌታዬ፥ ሌባም ይበሉት፤ ብቻ አንድ ነገር ይበሉት!» ብላ ስትጮኽ፥ ስለ ትዕግሥት የሰጧት ምክር ግን እስከ ዛሬ በከተማው ይወሳል።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፥ ከመሳፈርዎ በፊት አንድ ፍርድ፥ የጀላሉን ብቻ፥ እንዲሰጡ እለምናለሁ። በይግባኝ ቢሻርብዎ ኀፍረቱን እኔ እሸከማለሁ።

ዘመንዎ እንዲረዝም፥ ጉዞዎም እንደ ቀጠሮዎችዎ እንዳይጓተት እየጸለይሁ፥ በጥልቅ አክብሮት እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

መሪጌታ አሥራት ወልደሚካኤል
አሰብ፥ ግንቦት ፲፱፻፵፰ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ለስንብትዎ በተተከለው ድንኳን ያለ ስጋት ይቀመጡ፤ ከወኅኒ በዘበኛ ታጅቦ ወጥቶ ገመዱን ያሰረው ጀላሉ ነው፥ እጁም በወደብ ሥራ የጠና ነው። ከግብዣው በኋላ ድንኳኑን የሚያነሣውም እርሱ ስለሆነ፥ እስከዚያ ድረስ በድንገት ፈርደው በነፃ እንዳያሰናብቱባቸው አዘጋጆቹ በትሕትና ይለምናሉ።