የስድስተኛው ጉድጓድ ደወል

…ደወሉ ሲጮህ ባለቤቴ ሎርን ፊቱን ወደ ድምፁ ያዞርና ትከሻውን ያስተካክል ነበር፤ ከዚያ ዱላውን… ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የጎልፍ ክበባችን ክቡር ሊቀመንበር አቶ ግራንት ሀቨርስቶክ፤ በሰላምታ መጀመር ሲገባኝ ከመሃል ገባሁ። ጤናዎ እንደምን ነው? ወገብዎስ? ቤተሰብዎም አዲሱ ሣርዎም ሁሉ ሰላም እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጥዶቹ ላመሰግንዎ። አያቶቻችን የተከሏቸው፣ ሜዳውን ግራና ቀኝ አቅፈው የኖሩት እነዚያ ዛፎች ሣሩን ፀሐይ እንደሚከለክሉት ስለደረሱበት በረዶው ሳይቀልጥ አስቆርጠው ገላገሉን። ሎርን ዓይኑ ከደከመ ወዲህ መንገዱን የሚለየው በእነሱ ነበር፤ ጥላው አንገቱን ሲያቀዘቅዘው ጠርዝ ላይ፣ ፀሐይ ሲነካው መሃል ላይ መሆኑን ያውቃል። አሁን ሁሉም ቦታ መሃል ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ደወሉ። በስድስተኛው ጉድጓድ ኮረብታው ከፊት ስለሚጋርድ፣ ተጫውቶ የጨረሰ ሰው ጥዱ ላይ የተንጠለጠለውን ደወል ሳይመታ አይሄድም፤ ከኋላው ያለውም ያን ሳይሰማ ኳስ አይነካም ነበር። ጥዱ ሲወድቅ ደወሉ መጋዘን ገባ፤ በምትኩ በስልክ የጽሑፍ መልእክት እንዲደርሰን አደረጉ። ማንበብ ለተሳነው ሰው ይህን ያህል መጨነቅዎ ልቤን ነክቶታል።

ሦስተኛ። (ይህን ጽፌ ሰረዝኩት፤ መልሼ ጻፍኩት።) ባለፈው ቅዳሜ ሎርን ኮረብታው ሥር ቆሞ ደወሉን ጠበቀ።

«ደወሉኮ ወርዷል» አልኩት።

«ታዲያ ጥዶቹን ነቅለው እኔን ሊተክሉኝ ነው?» አለና መታ።

ኳሷ ከኮረብታው ማዶ ከእርስዎ ጋር ይጫወቱ በነበሩ እንግዶችዎ እግር ሥር ወደቀች። ማንንም አልነካችም። እርስዎ ግን ኮረብታውን በሩጫ ተሻግረው መጡ፦ «አንተ ሽማግሌ፣ ልትጨርሰን ነው እንዴ? ዓይን የለህም?»

«አለኝ፤ ኮረብታ የሚበሳ ግን አልሰጡኝም።»

እንግዶችዎ ሳቁ። እርስዎ አልሳቁም። ሰኞ ዕለት፣ ለተጫዋቾች ደኅንነት ሲባል፣ ሎርን ዳግመኛ ሜዳውን እንዳይረግጥ ተወሰነ። ደኅንነታችንን ሲጠብቅ የኖረውን ደወል ያወረደ እጅ ለደኅንነታችን ይህን ያህል ማሰቡ ያስደንቃል።

የምለምንዎ ደወሉን አንድ ተራ እንጨት ላይ እንዲሰቅሉት፣ ሎርንንም እንዲመልሱት ነው። ጠዋት ጠዋት ጫማውን አጥልቆ መስኮቱ ሥር ይቀመጣል።

«ነፋስ አለ?» ይለኛል።

«አለ» እለዋለሁ። የሚያሰማው ቅጠል ግን የለም። አንዳንዴ እኔም እጠራጠራለሁ።

ጥላ በሌለበት አገር ከጥላዎ ሥር የምኖር፣ እጅግ አክባሪዎ፣
ኢርማ ቴልፈር

ማስታወሻ፦ ኮትዎ ደረት ላይ በወርቅ ክር የተጠለፈውን ጥድ እንዳያስቆርጡት አደራ፤ ለከተማው የቀረው እሱ ብቻ ነው። ይህን ስጽፍ የዱላዎቹ ከረጢት ከግድግዳው ሲነሣ ሰማሁ። «ሎርን?» አልኩ። ወደ ሜዳው የሚያወጣው የጓሮው በር ተዘጋ።