ለኦይኒሶ ሳምቡሳ የተሰጠ ነጥብ

ኒጊና ልጄ፣
ዓርብ አንቺን ሊለምኑ ያሰቡት ሽማግሌዎች አሁንም ይመጡ ይሆን?

እኔ ኦይኒሶን ልለማመጥ ምግብ ቤቷ ሄጃለሁ። ሾርባው ምድጃው ላይ ነው፤ አሙቀሽ ብዪ።

ከምሳ በፊት የምንቀምሰውን፣ ያን የምንወደውን ሳምቡሳ፣ ትናንት ምግብ ቤቷ ውስጥ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ሊጡ ከአሥር ስምንት፣ ሽንኩርቱ ሁለት፤ ሥጋውን ፈልጌ ስላጣሁት ነጥብ የለውም!» ትያለሽ? የጋገረችው እኮ ኦይኒሶ ናት፤ የፋይዙሎ እናት! ነገ አማትሽ ልትሆን! ይኸው ዱሻንቤ ሙሉ ሰምቶታል።

እኔም መሳቅ አልነበረብኝም።

ዛሬ ጠዋት አንቺ ተኝተሽ ሳለ ኦይኒሶ መጣች። ትኩስ ዳቦ አቀረብኩላት። ሊዛመድ የፈለገ ሰው ዳቦ ሳይቆርስ እንደማይሄድ ታውቂያለሽ።
አልቆረሰችም።
«ሥጋውን አገኘችው?» አለችኝ።
ጫማዋን አጥልቃ ከቤት ወጣች።